ላረጀ ውሻ ቤት ውስጥ ምግብ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቡቺ 13 ዓመቱ ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ካለው ግቢያችን በር ላይ ዕድሜውን የጨረሰ የሐበሻ ውሻ ነው። ዓምና ጥርሱ እያለቀ ሲሄድ ደረቅ እንጀራ መቆርጠም አቃተው። እናቴ አሳዘናትና ከእኛው ድስት ወጥ እየጨለፈች እንጀራውን ታርስለት ጀመር። እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት እንግዳ ሲገባ እንኳ ቀና አላለም። ድዱ ነጥቷል፤ ሽንቱ ጠቁሮ የቡና አተላ መስሏል።

የእንስሳት ሐኪሙ ድዱን ገልጦ አየና «እማማ፣ ምን ሲበላ ነው የከረመው?» አላት። ነገረችው።

«ወጡ ሽንኩርት አለው?»

«ሽንኩርት የሌለው ወጥ አለ እንዴ ዶክተር?»

ቡቺ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ የሚበላውን ለብቻው እንሠራለን፤ ስንሠራም ብዙ ተሳስተናል። ከታች የምጽፈው እኛ የሠራነውንና ጎረቤቶቻችን ሲሠሩት ያየሁትን ነው።

ሽንኩርት የገባበትን ወጥ ማካፈል

ወጣችን የሚጀምረው ከሽንኩርት ስለሆነ ይህን ስህተት የማይሠራ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ውስጥ የሰልፈር ውህዶች አሉ። እነዚህ ውህዶች የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበላሻሉ፤ ሕዋሳቱ ይፈርሱና ውሻው ደም ያንሰዋል። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ የሚሆን ሽንኩርት በአንዴ መብላት ለጉዳት ይበቃል። ይህ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ግራም፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መስጠትም ጉዳቱ እየተጠራቀመ እዚያው ያደርሳል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ግራም በግራም ሲተያይ ከቀዩ ይብሳል።

ብዙ ሰው «ተቁላልቷል፣ በስሏል፣ ምን ይሆናል?» ይላል። መቁላላቱም ማድረቁም ጉዳቱን አያስቀረውም። ስለዚህ ሽንኩርቱን እየለቀሙ ማውጣት ወይም ወጡን በውሃ ማቅጠን ዋጋ የለውም። በርበሬው ሲዘጋጅ ሽንኩርት ገብቶበታል፤ ሽሮውም ሲፈጭ፣ ቅቤውም ሲነጠር እንዲሁ። ምልክቱ የሚታየው ደግሞ ከቀናት በኋላ ስለሆነ በላና ታመመ ብሎ ማያያዝ ያስቸግራል። የድድ መንጣት፣ ድካም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ የጠቆረ ሽንት ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እኛ ቤት አሁን ሥጋው አስቀድሞ በውሃ ብቻ ይቀቀላል። የቡቺ ድርሻ ይነሳል፤ የቀረው ወደ ቁሌቱ ይገባል። ተጨማሪ ድካም የለውም፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የቀየርነው።

ሥጋና ሩዝ ይበቃዋል ማለት

እኔም ለወራት ያመንኩት ይህንን ነው። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሩዙም፣ ድንቹም፣ ቡላውም ይህንን አይሞሉም። ካልሲየም በምግብ ካልገባ ሰውነት ከራሱ አጥንት እየወሰደ ደሙን ያስተካክላል። ውሻው ለወራት ደህና ይመስላል፤ አጥንቱና መንጋጋው ግን እየሳሳ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው መፍትሔ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን አጥቡ፣ 10 ደቂቃ ቀቅሉ፣ በደንብ አድርቁና እንደ ዱቄት እስኪልም ፍጩት። ካልላመ አንጀት ይቧጭራል፣ በወጉም አይዋሃድም። ከ1 ግራም ዱቄት 0.4 ግራም ገደማው ካልሲየም ነው።

20 ኪሎ ለሚመዝን፣ ብዙ ለማይሮጥ ሽማግሌ ውሻ የቀን ቀለቡን በግምት እንዲህ አድርጉት፦ 250 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ፣ 200 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የቅርፊት ዱቄት። ለሁለት ከፍላችሁ ጠዋትና ማታ ስጡት። ኩላሊቱን ለሚያመው ወይም የሽንት ጠጠር ላለበት ውሻ ግን ዱቄቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጨምሩ።

ይህም ቢሆን ሙሉ ምግብ አይደለም። ዚንክ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲ እና ቫይታሚን ኢ ይጎድሉታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመጻሕፍትና ከድረ ገጾች የተሰበሰቡ 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው ነበር። 95 በመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሎት ተገኘ፤ ከእነዚህም መካከል በእንስሳት ሐኪሞች የተጻፉ ነበሩበት። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻ የምትመግቡ ከሆነ ለውሾች የተዘጋጀ የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ ያስፈልጋችኋል። የትኛው እንደሚስማማው ሐኪሙን ጠይቁ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና በሚያስተምርበት ከተማ እየኖርን ባለሙያ ሳንጠይቅ መቅረታችን ያስቆጨኛል።

አርጅቷልና ሥጋ ይቀነስለት ማለት

«ሥጋ ኩላሊቱን ይጎዳዋል» የሚለው ምክር በየሰፈሩ አለ። ጤነኛ የሆነ ሽማግሌ ውሻ ግን ፕሮቲን የሚያስፈልገው ከጎልማሳው ባላነሰ፣ እንዲያውም በበለጠ ነው። ሲያረጅ ጡንቻው ይሟሽሻል። እጃችሁን በጀርባው ላይ ብታሳልፉ የአከርካሪው አጥንት ሾሎ ይሰማችኋል፤ ታፋውም ይቀጥናል። በዚህ ላይ ሥጋውን ብትቀንሱበት ከተኛበት መነሳት ያቅተዋል።

ኩላሊቱ በእርግጥ የታመመ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ከምንም በላይ የሚቀነሰው ፎስፈረስ ነው፤ ፕሮቲኑም እንደ በሽታው ደረጃ ይመጠናል። ይህ በደምና በሽንት ምርመራ እንጂ በግምት አይታወቅም። ውሃ ማብዛትና ሽንት ቶሎ ቶሎ መሽናት ከጀመረ አስመርምሩት።

ጾምም እዚህ ላይ ይነሳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤቱ ሲጾም ውሻውም ከእንጀራና ከሽሮ ጋር ይከርማል። ወጣቱ ውሻ ይችለው ይሆናል፤ ሽማግሌው ግን በእነዚያ ሳምንታት ያጣውን ጡንቻ በቀላሉ አይመልሰውም። እናቴ የጾም ዕቃዋን ሥጋ እንዲነካባት ስለማትፈልግ ለቡቺ የራሱ ድስትና ጭልፋ ተገዛለት። እንቁላል ይቀቀልለታል፤ ጥሬ የእንቁላል ነጭ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አስሮ ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ስለሚያደርግ ሁሌም አብስለን ነው የምንሰጠው። ዓሣም ይበላል።

አጥንት መስጠት፣ በተለይ የዓሣ

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሄደ ሰው አባ ኮዳዎቹ የቆሮሶውን ጭንቅላትና አጥንት እንዳለ ሲውጡ አይቷል። «ወፍ የዋጠውን ውሻ ያቅተዋል?» ያለኝ ሰው አለ። አዎ፣ ያቅተዋል። የዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይሰካል። የተቀቀለ የዶሮና የበግ አጥንት ሲሰበር ይሾልና ጨጓራና አንጀት ይበሳል። ያረጀ ጥርስ ደግሞ አጥንት ላይ ይሰበራል፤ የተፈጨው አጥንትም ሆዱን ያደርቀዋል። ዓሣውን ሥጋው ተነስቶ የተዘጋጀውን ግዙ፣ ቀቅሉት፣ ከዚያም በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ፈርፍሩት። አንዳንድ የዓሣ ዓይነቶች በጥሬያቸው ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አላቸው፤ ሙቀት ያንን ስለሚያከሽፈው ጥሬ ዓሣ አትስጡ።

የበዓል እርድ ሆድ ዕቃ ጥሬውን መወርወር

በጉ ሲታረድ ሳንባውን ወይም ጉበቱን ለውሻው መጣል የቆየ ልማድ ነው። ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ነጭ እባጭ ይታያል። ይህ ኢኪኖኮከስ የሚባለው ጥገኛ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻውን የዳበሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ እባጩ በእሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ሊበቅል ይችላል። ውሻው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ የሚታመመው ሰው ነው። ልለምናችሁ፣ ይህንን አቁሙ። እባጭ ያለበትን በጥልቅ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻ የምትሰጡትን የሆድ ዕቃ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ አፍሉት። የትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ስጡት።

ጉበት ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ከጠቅላላ ምግቡ 5 በመቶ አይለፍ።

ስብና ቅቤ

ከጾም በኋላ በአንድ ቀን ጮማ፣ የዶሮ ቆዳ፣ ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ የቀመሰ ሽማግሌ ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ያስመልሰዋል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ሆዱን ሲነኩት ያመዋል። ገዳይ ሊሆን ስለሚችል ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

በወጣትነቱ ልክ መመገብ

20 ኪሎ የሚመዝን ሽማግሌ ውሻ በቀን ወደ 900 ኪሎካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን እጃችሁን እመኑ። ጎኑን በመዳፋችሁ ስትዳስሱ የጎድን አጥንቱ ሳትጫኑ መቆጠር አለበት፤ ለዓይን ግን ጎልቶ አይታይ። ለመቁጠር መጫን ካስፈለጋችሁ ወፍሯል፤ በእያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ የሚያነክስ መገጣጠሚያው ይሠቃያል።

ማነከሱ ካሳዘናችሁ ደግሞ አደራ፣ የሰው ማስታገሻ ምግቡ ውስጥ ደብቃችሁ አትስጡት። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ያደክማሉ። ለውሻ የተዘጋጀ የሕመም ማስታገሻ አለ፤ ሐኪም ያዝለታል።

ምግቡን በአንድ ቀን መቀየር

ዕድሜ ልኩን እንጀራ የበላ ሆድ በአንድ ጊዜ ሥጋ ሲመጣበት ያስቀምጠዋል። ከ7 እስከ 10 ቀን ወስዳችሁ አዲሱን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ፣ አሮጌውን እየቀነሳችሁ አለማምዱት።

ከድስቱ ሌላ አፉ የሚያገኘው ነገርም አለ። ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ቸኮሌትና የቡና አተላ ልቡን ያስጨንቃሉ፤ እንደ እኛ ቡና በሚፈላበት አገር አተላው የሚደፋበትን ቦታ አስቡበት። ሊጥ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይቦካል፣ ይነፋዋል፣ አልኮልም ያመነጫል። የለውዝ ቅቤ ከሰጣችሁ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ እንደሌለው ጽሑፉን አንብቡ።

ከፍሪጅ አውጥቶ እንደቀዘቀዘ ማቅረብ

ሽማግሌ ውሻ የማሽተት ኃይሉ ይደክማል፤ ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ አይሸትም። ቡቺ ሳህኑን ትቶ ሲሄድ ምግብ ጠላ ብለን ስንት ቀን ተጨንቀናል! እናቴ ጨውም ሽንኩርትም ያልገባበት የሥጋ መረቅ አሙቃ ስታፈስበት ተመልሶ መጣ። ለጣታችሁ ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። ጥርስ ለሌለው ደግሞ ሥጋውን በደቃቁ ክተፉለት።

ከሠራችሁት የሦስት ቀኑን ብቻ በፍሪጅ አስቀምጡ፤ የተረፈውን በየድርሻው ከፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉ። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ጠፍቶ ከዋለ ሽታውን አትመኑ፣ ድፉት። የእኛ ከተማ ሙቀት ቀትር ላይ ሳህን ውስጥ የቀረ ሥጋ አያቆይም። ቡቺ ቀስ ብሎ፣ እያረፈ ነው የሚበላው። ግማሽ ሰዓት እንጠብቀዋለን፤ ከዚያ ሳህኑ ይነሳል።