ተመትቶ የሚያመልጥ ከርከሮ፦ ጥይቱ ነው ወይስ ተኳሹ?

በወሎ ቆላ፣ በቃሉና በባቲ በኩል፣ ማሽላው ሲያሽት ከርከሮ ማሳ ይገባል። ሥጋውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይበላውም። ስለዚህ ቆስሎ ቢያመልጥ የሚቆጨው ሰው ብዙም የለም። እኔ ግን የማይበላ አውሬም ቢሆን ተሰቃይቶ መሞት የለበትም ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ግን ፈቃድ! የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥማ ጨርሶ አይታሰብም።

ተመታ፣ ግን ሮጦ ጠፋ። ደሙም ጠብ ጠብ ብቻ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወታደር ጥይት ነው። እርሳሱ ጫፉ ድረስ በብረት ስለተሸፈነ አይሰፋም። ቀጭን ቀዳዳ ትቶ በሌላው ጎን ይወጣል። የወታደር ጥይት እንዲህ ሆኖ የቀረው በጦርነት ሕግ ምክንያትም ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚሰፋ ጥይት በ1899 እ.ኤ.አ. በሄግ ለጦርነት ተከልክሏል። ለአደን የሚፈለገው ግን እሱው ነው፦ ጫፉ ላይ እርሳሱ የሚታይ፣ ሲመታ የሚሰፋ።

የወታደሩን ጥይት ጫፍ ሞርዶ «የአደን ላድርገው» የሚል አይጠፋም። እባክህ ተው! እርሳሱ ሾልኮ ወጥቶ ሽፋኑ አፈሙዝ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ቀጣዩ ጥይት ያኔ መሣሪያውን ፊትህ ላይ ያፈነዳዋል።

የአደን ጥይት ነው፣ ግን አልገደለም።

ርቀቱን ጠይቅ። ጥይቱ እንዲሰፋ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ እርሳስ ላለው በተለምዶ በሴኮንድ 550 ሜትር ገደማ። የክላሽ ጥይት በ700 ገደማ ይወጣና 200 ሜትር ሳይደርስ ከዚያ በታች ይወርዳል። በክላሽ ከሆነ 100 ሜትር ድረስ ቅረብ፤ ከ150 በላይ ግን አትተኩስ።

የተገላቢጦሹም አለ። ቀላልና በጣም ፈጣን ጥይት በቅርብ ርቀት ትከሻ አጥንት ሲያገኝ ይበተናል። ከላይ ሰፊ ቁስል፣ ውስጥ ግን ምንም። መፍትሄው ከበድ ያለ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ ጥይት ነው።

ገደል ላይ ሲተኮስ ከፍ ብሎ ያልፋል።

ጥይት የሚወርደው በአግድሙ ርቀት ልክ ነው። በ45 ዲግሪ ቁልቁለት 200 ሜትር ማለት በአግድም 140 ገደማ ነው፤ በዚያው አልም። ሽቅብ ስትተኩስም ያው ነው። የሌላ ፋብሪካ ጥይት ከገዛህ ደግሞ ከአደን በፊት ዒላማ ላይ ሞክረው።

ደም አለ፣ አውሬው የለም።

ደሙ ፈካ ብሎ አረፋ ካለው ሳንባውን ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ ተከተል፣ ብዙም አይርቅም። ጠቆር ካለ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ሰዓት ታገስ። ፈርስ ከታየበት ወይም ከሸተተ አንጀቱን መተሃል፤ ቶሎ ከተከተልከው ተነስቶ ይርቅብሃል፣ ስለዚህ ጉበት ከተመታውም ረዘም አድርገህ ጠብቅ። የቆሰለ ከርከሮ ሰው ላይ ይመለሳል፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ብቻህን አትግባ።