ማን ይቆጠር? የትስ ይቆጠር? የሕዝብ ቆጠራ ክርክር አዘገጃጀት

የቆጠራ ክርክር የሚበላሸው ገና ርእሱ ሲጻፍ ነው። «ቆጠራው ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም?» ብላችሁ ከጻፋችሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጩኸቱ ስለ ብሔር ይሆንና ስለ ቆጠራ የሚያወራ ይጠፋል። ርእሱን አጥብቡት፦ «ሰው መቆጠር ያለበት ዘወትር በሚኖርበት ነው ወይስ በቆጠራው ሌሊት ባደረበት?» ሁለቱም ወገን የሚይዘው አያጣም።

በየወገኑ ሦስት ሰው ይበቃል። ለአንድ ተናጋሪ 5 ደቂቃ፣ ከንግግሩ በኋላ ለጥያቄ 2 ደቂቃ ብትሰጡ ስድስቱም በ42 ደቂቃ ይጨርሳሉ። ወገን የሚለየው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት በዕጣ ይሁን፤ ወገኑን ቀድሞ ያወቀ ሰው የሌላውን መከራከሪያ አያነብም።

ለሁሉም አንድ ገጽ መረጃ አባዙ። በሀገራችን ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ነው። የ1999ኙ የተጀመረው ግንቦት 20 ሲሆን አፋርና ሶማሌ ክልሎች ግን በኅዳር 2000 ተቆጠሩ። ለ2010 የታቀደው አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል፤ የምርጫ ክልሎች ወሰንም ውጤቱን ይዞ ይወሰናል። አንቀጽ 61 ደግሞ ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ የፌዴሬሽን ምክር ቤት መቀመጫ ይሰጥና ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ይጨምራል። ሰው ለምን በቆጠራ እንደሚጋጭ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ አንድ ግቢ ሥላችሁ ስጧቸው። ከስድስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ያለ አሮጌ ግቢ ይሁን። እማወራዋ አብራት ከምትኖረው ልጇና ከሦስት ሳምንት የልጅ ልጇ ጋር አለች። ሌላዋ ልጇ ቤሩት ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ወንዱ ልጇ ሁለት ዓመት ሙሉ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ነው። የቤት ሠራተኛዋ ከመጣች አራት ወሯ ነው፣ የመሄድ ሐሳብም የላትም። ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሁለት ደባሎች ይኖራሉ፤ አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነውና በቆጠራው ሌሊት ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ለሕክምና ከጎጃም የመጡ አጎት ሳሎን ተኝተዋል። ከበሩ ውጭ በረንዳው ላይ አንድ ልጅ ያድራል።

አሁን ቁጠሩ። የመደበኛ መኖሪያ ደንብ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የኖረን፣ ወይም ያን ያህል ሊኖር ያሰበን ይይዛል። ስለዚህ እማወራዋ፣ ልጇ፣ ሕፃኑ፣ ሠራተኛዋና ሁለቱ ደባሎች 6 ይሆናሉ። የጅማው ተማሪ እዚያው ይቆጠራል፤ እናቱ ጋም ከተጻፈ ድርብ ቆጠራ ነው። የበረንዳው ልጅ መደበኛ መኖሪያ ስለሌለው ባደረበት ይያዛልና ድምሩ 7 ይሆናል፤ በሀገራችን ቆጠራም የጎዳና አዳሪዎች የሚያዙት እንዲሁ ነው። ባደሩበት ብቻ ብትቆጥሩ ደግሞ ሹፌሩ ይወጣና አጎት ይገባሉ፤ እንደገና 7። ድምሩ እኩል ነው፣ ሰዎቹ ግን ሌሎች ናቸው። ተከራካሪ በድምር ብቻ «ልዩነት የለም» ሲል ስሞቹን አንብቡለት። በጎጃም አንድ ሰው ተጓደለ ማለት ነው፣ ሹፌሩም የትም አልተያዘ ይሆናል።

ስሕተቱ የሚፈጠረው በር ላይ ነው። ቆጣሪው «ሌላ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። ሕፃን ይረሳል፣ ሠራተኛ እንደ ቤተሰብ አትታይም፣ ደባልን አከራዩ የኪራይ ግብር ፈርቶ ይደብቃል። መፍትሔው ጥያቄውን መበተን ነው፦ ከአንድ ዓመት በታች ልጅ አለ? ተከራይ? ሥራ የሚሠራላችሁ? ለሥራ ወጥቶ ያላደረ? ይህን አንድ ተከራካሪ ቆጣሪ፣ ሌላው አከራይ ሆነው እንዲያሳዩ ብታደርጉ ከንግግር ሁሉ ይበልጣል። አንድ የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 ቤት እንደሚይዝ አስታውሷቸው፤ በየቤቱ አንድ ሰው ቢረሳ ስንት እንደሚሆን ራሳቸው ያስሉት። በ1999 አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ተቆጥሮባታል፤ ከመቶ አንድ ቢዘለል 27 ሺሕ ያልፋል።

«መታወቂያ ያለው ይቆጠር» የሚል መከራከሪያ መነሣቱ አይቀርም። እዚህ ላይ አወያዩ ጣልቃ ቢገባ ይሻላል፦ ከፒያሳ በልማት ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የድሮ ወረዳውን መታወቂያ እንደያዘ ሊሆን ይችላል። ከውጭ የመጣ ስደተኛም አይመርጥም እንጂ ውኃና ትምህርት ቤት ይጠቀማል። ተቆጣሪና መራጭ አንድ አይደሉም።

የብሔር ጥያቄን አትከልክሉ፣ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት እንጂ። ከሁለት ብሔር የተወለደ ሰው በአንድ ሳጥን ውስጥ የት ይግባ? ሁለቱም ወገን የሚቸገረው እዚህ ነው፤ ለእሱ ብቻ 10 ደቂቃ ለዩ።

እጅ በማውጣት ድምፅ አታሰጡ። ተመልካቹ ክርክሩ ሳይጀመርና ሲያልቅ የግቢውን ተቆጣሪዎች በስም በወረቀት ይጻፍ፤ ድምር አይጻፍ። ወረቀቶቹን ስታነጻጽሩ ሹፌሩንና አጎትን ያቀያየረው ማን እንደሆነ ታያላችሁ።