መስታወቱ ላይ የማይንቀሳቀሰውን አውሮፕላን ፍሩት

አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ አውሮፕላን በረራ ለምትማሩ፦ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ የሌለው ኤርፖርት ላይ "ተጠንቀቁ" የሚላችሁ ተቆጣጣሪ የለም። ያላችሁበትን በሬዲዮ ትናገራላችሁ፣ ዓይናችሁን ትከፍታላችሁ፣ በቃ።

ሌላ አውሮፕላን ስታዩ የፊት መስታወቱ ላይ ካለ ምልክት ጋር አስተያዩት። ተለጥፎ የደረቀ ትንኝም ይበቃል። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ወደ ጎን ከሸሸ ያልፋችኋል። እዚያው ከቆመ ግን ወደ እናንተ እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ አቅጣጫ ወይም ከፍታ ቀይሩ።

ሁለታችሁም አንድ ቦታ ላይ እኩል የምትደርሱ ከሆነ የምትተያዩበት ማዕዘን አይለወጥም። ዓይን ደግሞ ቶሎ የሚይዘው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። አውሮፕላኑ ለረጅም ጊዜ ነጥብ መስሎ ይቆይና መጨረሻ ላይ በድንገት መስታወቱን ይሞላዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ከመስታወቱ ፍሬም ጀርባም ሊደበቅ ስለሚችል ጭንቅላታችሁን ወዲያ ወዲህ አድርጉ።

ሬዲዮው ዝም ስላለ ሰማዩ ባዶ ነው አትበሉ። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ኤርፖርቶች ላይ ያለ ሬዲዮ መብረር ይፈቀዳል።

ለማረፍ ዝቅ ብላችሁ ፍጥነታችሁ ሲቀንስ ግን በኃይል አትጠምዝዙ፤ ክንፉ መሸከሙን ሊያቆም ይችላል።