ሰውነት ውስጥ የሚተከል ሴራሚክ እንዳይሰበር ምን እናድርግ?

ሴራሚክ ሲሰበር ሰው ሁሉ «ጥንካሬ አነሰው» ይላል። አይደለም። ችግሩ እጥፍ አለማለቱ ነው። ብረት ሲጫኑት ትንሽ ይለጠጣል፤ ሴራሚክ ግን በዓይን የማትታይ አንዲት ስንጥቅ ከተገኘችበት ከዚያችው ተነስቶ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ለዳሌ ወይም ለጥርስ የሚሆን ሴራሚክ ስትሠሩ ስንጥቅ እንዳይፈጠር ተጠንቀቁ፣ የተፈጠረውም እንዳይሮጥ ያዙት።

ሩጫውን የሚይዝላችሁ ዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ) ነው። 3 ሞል ፐርሰንት (በሞለኪውል ቁጥር ከመቶ 3) ኢትሪያ፣ ማለትም የኢትሪየም ኦክሳይድ፣ ያለበትን ምረጡ። ስንጥቁ ሲደርስባቸው ቅንጣቶቹ የክሪስታል ቅርጻቸውን ቀይረው ከ4 በመቶ በላይ ያብጣሉ፣ እብጠቱም ስንጥቁን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ያስቆመዋል። ኢትሪያውን ወደ 5 ካሳደጋችሁት ጥርሱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ያምራልም፤ ጥንካሬው ግን በጣም ይወርዳል። የጎደለ የመንጋጋ ጥርስ ለሚተካ ድልድይ እኔ አልመርጠውም።

ዱቄቱ ንጹሕ ይሁን። አንዲት ፀጉር እሳት ውስጥ ተቃጥላ ባዶ ቀዳዳ ትተዋለች፣ ስብራቱም ከዚያ ይጀምራል። ዱቄቱን አንድ ላይ የያዘውን ማጣበቂያ ቀስ ብላችሁ አቃጥሉ፤ ጀበና የምትሠራ እናት ሸክላውን በደንብ ሳታደርቅ እሳት ውስጥ የማትከተው በከንቱ አይደለም። ከዚያ 1450 ዲግሪ አካባቢ ተኩሱት። «ሙቀት ሲጨምር ይጠነክራል» የሚለውን አትስሙ፤ ቅንጣቶቹ ከ1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) በታች ካልቀሩ ዚርኮኒያው ያለ ጭነት ራሱ መለወጥ ይጀምራል። አቅም ካላችሁ ከ1000 አትሞስፌር በላይ በሆነ የአርጎን ግፊት ደግማችሁ አሙቁት፣ የቀሩት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ።

ከተተኮሰ በኋላ በተቻለ መጠን አትፋቁት። ግድ ከሆነ በደቃቅ አልማዝ፣ ውኃ እያፈሰሳችሁ ፋቁ፣ በመጨረሻም እስኪያበራ አለስልሱት። ሹል ማዕዘን አትተዉ።

ብዙዎች የሚረሱት ውኃን ነው። እርጥበት ሲነካው የላይኛው ቅንጣት ያለ ስንጥቅ ያብጣል፣ ጎረቤቱን ይሰነጥቃል፣ ውኃ በዚያ ይገባል፣ እንዲህ እያለ ወደ ውስጥ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አምራች የመተኮሻ ምድጃውን ቀይሮ የሠራቸው የዚርኮኒያ ዳሌ ራሶች (የሰው ሠራሽ መጋጠሚያው ኳሶች) በመቶዎች በሚቆጠሩ ታካሚዎች ውስጥ ተሰበሩ። ታካሚዎቹ እንደገና ቢላዋ ስር መግባት ነበረባቸው። ይህን ሳስብ ሁሌ ያመኛል፤ የቀመሩ ሳይሆን የምድጃው ለውጥ ነበርና። ምድጃ ወይም ዱቄት በቀየራችሁ ቁጥር ናሙናውን በ134 ዲግሪ እንፋሎት ለ5 ሰዓት አቆዩና ምን ያህሉ እንደተለወጠ ለኩ።

ለዳሌ ዛሬ የተሻለው ቅልቅል ነው፤ አብዛኛው አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ)፣ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ዚርኮኒያ። አሉሚናው የዚርኮኒያውን ቅንጣቶች አፍኖ ይይዛቸዋል፣ ውኃም እንደ ልቡ አይሄድም። ክሮሚየም ስላለበት ሐምራዊ ሆኖ የምታዩት ኳስ ይህ ነው።

ስትፈትኑ አማካዩን ብቻ አትመልከቱ። 30 ናሙና ሰብራችሁ ከሁሉ ደካማው ስንት ላይ እንደተሰበረ እዩ። የዳሌ ራስ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ከመላኩ በፊት ሰውነት ውስጥ ከሚደርስበት በላይ ጫኑበት፣ የሚሰበረው እዚያው ይሰበር። የላካችሁት ከአሉሚና ያልተቀላቀለ ዚርኮኒያ ከሆነ ደግሞ በእንፋሎት ዳግም እንዳይቀቀል በሳጥኑ ላይ በጉልህ ጻፉ።