ሙሉ አሳ በእንፋሎት፦ የጓንግዡ የበዓል አሳ አሠራር

በደቡብ ቻይናዋ ከተማ በጓንግዡ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን አሳ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። እዚያ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ቤተሰብ ተሰብስቦ ራት ሲበላ አሳ ከገበታ አይጠፋም። በቻይንኛ አሳ «ዩ» ነው። ትርፍም «ዩ» ነው። ጽሕፈቱ ቢለያይም ድምፁ አንድ ነው። ስለዚህ «በየዓመቱ ይትረፍረፍላችሁ» ለማለት አሳ ይቀርባል፤ ሆን ተብሎም ለነገ ትንሽ ይተዋል። ከራሱ እስከ ጅራቱ ሙሉ መሆን አለበት። የተቆራረጠ አሳ ለዚህ በዓል አይሆንም።

ከ600 እስከ 700 ግራም የሚመዝን አንድ አሳ ለአራት ሰው፣ ከሌላ ምግብ ጋር፣ ይበቃል። ጓንግዡ ገበያ ውስጥ አሳው ገንዳ ውስጥ እየዋኘ ነው የሚመረጠው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዝዋይ የመጣ ቆሮሶ እወስዳለሁ። ቆሮሶ እዚያም በሰፊው ስለሚረባ በእንፋሎት ይሠሩታል። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። በረዶ የሆነ አሳ ለጥብስ ይሂድ። እዚህ ላይ ሽታውን የሚሸፍን በርበሬም ሆነ ቅመም የለም።

ሻጩ ቅርፊቱን ያንሳላችሁ፣ ሆዱንም ያውጣላችሁ፤ ግን ቤት ስትገቡ እንደገና እዩት። ሆዱ ውስጥ ጥቁር ስስ ሽፋን አለ፤ በጣታችሁ ፍቃችሁ አንሱት። አከርካሪውን ይዞ የረጋ ደም ይኖራል፤ በማንኪያ ጫፍ ፍቃችሁ በውሃ አጥሩት። መጥፎው ሽታ በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። እኛ ቤት አሳ በሎሚ ማሸት ልማድ ነው። እዚህ ግን ተዉት፤ ሎሚው ላዩን ያጠነክረዋል። ጨውም አያስፈልግም። በደንብ አድርቁትና ወፈር ያለው ሥጋ ላይ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጊዜ ሰንጠቅ አድርጉት።

የቀርከሃ እንፋሎት ማብሰያ ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። ሰፊ ድስት፣ ውስጡ የተደፋ የብረት ሳህን፣ በላዩ አሳው ያለበት ሰሃን ይበቃል። ወሳኙ ነገር ክዳኑ ገጥሞ መዘጋቱ ነው። ሰሃኑ ላይ ሁለት የመመገቢያ እንጨት አስቀምጡና አሳውን በላያቸው አጋድሙት፤ እንፋሎቱ ከሥርም ይገባል። ጥቂት የዝንጅብል ቁራጭ ከሥሩና ሆዱ ውስጥ አድርጉ።

አሁን ሰዓቱ። ከዚህ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ውሃው በኃይል ይፍላ፤ ከዚያ ብቻ አሳው ይግባ። ጎረቤቴ ለዚህ መጠን 8 ደቂቃ፣ ከዚያ እሳቱን አጥፍቶ ክዳኑን ሳይከፍቱ 2 ደቂቃ ይሉ ነበር። ጓንግዡ ሳለሁ አንድም ጊዜ አልተበላሸብኝም። የ2010 እንቁጣጣሽ ላይ ለቤተሰቤ አዲስ አበባ ሠራሁት። ያው 8 ደቂቃ፣ ያው 2 ደቂቃ። አባቴ በሹካ ከጀርባው ሲከፍቱት ሥጋው ከአጥንቱ አልላቀቅ አለ። አጥንቱ ዳር ገና እንደ መስታወት ያሳልፋል፣ ደምም አለበት። ደንግጬ ወደ ድስቱ መለስኩትና ተጨማሪ 10 ደቂቃ አቆየሁት። ሲወጣ ጥጥ ሆኖ ነበር። አባቴ ምንም ሳይሉ በሉልኝ። እኔ ግን አዝኜ ዋልኩ፤ ሦስት ቀን ሳስብበት የቆየሁት ምግብ ነበር።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ጓንግዡ ከባሕር ወለል እምብዛም አይርቅም፤ ውሃ 100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንፋሎቱም ያንኑ ያህል ቀዝቀዝ ያለ ነው። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። አሁን አዲስ አበባ ላይ ለ650 ግራም አሳ 11 ደቂቃ እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ክድን። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ 8 ደቂቃውን ያዙ።

ያም ሆኖ ሰዓት ብቻውን አይታመንም። ቀጭን ቢላ ከጭንቅላቱ ጀርባ፣ ሥጋው በጣም ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ አስገቡ። ሳይያዝ እስከ አጥንቱ ከደረሰና ሥጋው ነጭ ሆኖ ከለቀቀ ደርሷል። ዓይኑም ነጭ ሆኖ ወጣ ይላል። ከ10ኛው ደቂቃ በፊት ግን ክዳኑን አትክፈቱ፤ በከፈታችሁ ቁጥር እንፋሎቱ ይበተናል። እንግዶቹም አሳው ከመውጣቱ በፊት ይቀመጡ። ይህ ምግብ ሰው አይጠብቅም።

ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉት። ጣፋጭ መረቅ ይመስላል፤ የአሳው ሽታ ያለው ግን እዚያ ነው። የበሰለውን ዝንጅብልም ጣሉት። አዲስ ዝንጅብልና የለጋ ሽንኩርት ቅጠል እንደ ክር ከትፋችሁ በላዩ ነስንሱ። ቅጠሉ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ አለዚያ ዘይቱ ይፈናጠራል። ሦስት ማንኪያ ዘይት ጭስ እስኪጀምረው አግሉና ቅጠሉ ላይ አፍስሱት። «ጭስስ» ካላለ ዘይቱ አልጋለም። እዚያ የለውዝ ዘይት ይመርጣሉ፤ እኔ የሱፍ እጠቀማለሁ። ኑግ ግን ጣዕሙ ስለሚገን አይሆንም።

መጨረሻ ላይ ሶይ ሶሱ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጨዋማ ሶስ። ሁለት ዓይነት አለ፦ ቀጭኑ «ሼንግ ቾ»፣ ጥቁሩ «ላዎ ቾ»። የምትፈልጉት ቀጭኑን ነው፤ ጥቁሩ አሳውን ያጠቁረዋል። ሦስት ማንኪያ ሶስ፣ ሁለት ማንኪያ ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አሙቁና በአሳው ዳር ዳር አፍስሱ።

ጭንቅላቱን ወደ ታላቁ ሰው አዙሩና አቅርቡ። አንዱ ጎን ሲያልቅ አትገልብጡት፤ በደቡብ ቻይና ዓሣ አጥማጆች ዘንድ አሳ መገልበጥ ጀልባ እንደመገልበጥ ይቆጠራል። አጥንቱን ከጅራቱ ይዛችሁ ወደ ላይ ስታነሱት የሥረኛው ሥጋ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሰሃኑ ላይ የቀረው ሶስ ሩዝ ላይ ይፈስሳል። ጉንጩ ላይ ያለችውን ትንሽ ለስላሳ ሥጋ ደግሞ ለታላቁ አውጥታችሁ ስጡ። ባለፈው ዓመት አባቴ ያቺን ቀምሰው፣ ሰሃኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።