የሊቅያ ብር ሳንቲም፦ ከመክፈልዎ በፊት ይመዝኑ

በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምዕራብ የነበሩት የጥንት የሊቅያ ገዢዎች ስታቴር የተባለው የብር ሳንቲም ክብደቱ አንድ ወጥ አይደለም። በምዕራብ ከ8.3 እስከ 8.6፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ 10 ግራም ይጠጋል፤ ስለቀለለ ብቻ ሐሰተኛ አይበሉት። የሊቅያው ገዢ የፔሪክሌስ ሲሶ ስታቴር፣ በአንድ ፊቱ የአንበሳ ገጽ በሌላው ሦስት ጠማማ ክንድ ያለው ምልክት የያዘው፣ 3 ግራም ገደማ ነው። ጠርዙን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዩ፤ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ካለው በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ነው። ድምፁን ለመስማት ብለው ግን በፍጹም አይጣሉት! ከ2,300 ዓመት በላይ የቆየ ብር ውስጡ ተሰባሪ ሊሆን ስለሚችል እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከሁሉ በላይ የቀድሞ ባለቤትነት ሰነድ ይጠይቁ። በ1984 በደቡብ ምዕራብ ቱርክ በምትገኘው ኤልማሊ ከተማ አጠገብ ተቆፍሮ በድብቅ ከአገር የወጣው የሳንቲም ክምችት በ1999 ወደ ቱርክ ተመልሷል፤ ሰነድ የሌለውን ይተዉት።