ኢነርጂ ዘርፍ ለመግባት መሐንዲስ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ሲቪያችሁን ግን እንደገና ጻፉት

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ሲቪውን ይዞ ቤት መጣ። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለው። አንድ የኤሌክትሪክና የውሃ ዕቃ የሚያከፋፍል ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ሂሳብ ሠርቷል። «እትዬ፣ አንቺ ያለሽበት ሥራ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው? እኔ እኮ መሐንዲስ አይደለሁም» አለኝ።

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስለዚህ ቡና እየጠጣን ለሱ የነገርኩትን እዚህም ላስቀምጠው።

እኔም መሐንዲስ አይደለሁም። ከኮሜርስ በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዤ አዳማ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ነበር የተቀጠርኩት። ዛሬ ዋናው መስመር ላልደረሰባቸው የገጠር ከተሞች የሶላር ሚኒ ግሪድ፣ ማለትም ለአንድ አካባቢ ብቻ የሚሆን ትንሽ የመብራት መረብ፣ የወጪና የታሪፍ ስሌት እሠራለሁ። ያሻገረኝ ሌላ ዲግሪ አይደለም። ደብተር ነው። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ማን የት እንደተቀመጠ እወቁ

«መብራት ኃይል» ስንል አሁንም አንድ ቤት ይመስለናል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ቤቱ ሁለት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትልልቆቹ መስመሮችም ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ያከፋፍላል፣ ይሸጣል፣ ሂሳብ ይሰበስባል። ፖሊሲ የሚያወጣው ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ከነዚህ ውጭ ሶላር አስመጪዎች፣ አማካሪ ድርጅቶች፣ ባንኮችና የልማት ድርጅቶች አሉ። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት የምታመለክቱበት ቤት ከነዚህ የቱን ሥራ እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ቻሉ። የማከፋፈል ሥራ ለሚሠራ ቤት ስለ ግድብ ግንባታ ፍቅሩ የጻፈ ሰው አይቻለሁ። ደብዳቤው ጎበዝ ነበር፤ በሩ ግን የሱ አልነበረም።

ቀጥሎ በዘርፉ የታወቁ ሰዎችን መነሻ እዩ። የሕዳሴ ግድቡን ግንባታ ይመሩ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሲቪል መሐንዲስ ነበሩ። ግልገል ጊቤ ሦስትን መርተው በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት ኢንጂነር አዜብ አስናቀም ሲቪል መሐንዲስ ናቸው። ዶክተር ስለሺ በቀለ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት የውሃ ሀብት ተመራማሪ ነበሩ። ሦስቱም የመጡት ከኤሌክትሪክ ሳይሆን ከአፈር፣ ከኮንክሪትና ከውሃ በኩል ነው።

ወደ ውጭም እዩ። የዓለም አቀፉን የኢነርጂ ኤጀንሲ የሚመሩት ፋቲህ ቢሮል መጀመሪያ ምህንድስና አጠኑ፣ ከዚያ ወደ ኢነርጂ ኢኮኖሚክስ ዞሩ፣ የነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት በሆነው ኦፔክ ውስጥም ሠርተዋል። በአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስትርነት ወንበር ላይ የተቀመጡት ስቲቨን ቹ በ1997 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙ ሳይንቲስት ናቸው። በኋላ በዚያው ወንበር የተቀመጡት ጄኒፈር ግራንሆልም ግን የሕግ ባለሙያ ናቸው። አንድ ወንበር፣ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ሙያዎች።

ኪሎዋት ሰዓትን ከራሳችሁ ቆጣሪ ተማሩ

ከየትም ሙያ ብትመጡ አንድ ነገር አይታለፍም። የዘርፉን ቋንቋ መቁጠር መቻል። ለዚህ ስልጠና አትክፈሉ። የራሳችሁ ቆጣሪ ጋ ሂዱ።

ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1,000 የሚል ከሆነ፣ 1,000 ጊዜ ስትበራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። ማታ ሁሉንም አጥፉና ባለ 10 ዋት አምፖል ብቻ አብሩ። ቀይዋ ነጥብ በስድስት ደቂቃ አንዴ ብቻ ብልጭ ትላለች። ስትጠብቋት የጠፋች ይመስላችኋል። አሁን ምጣድ ጣዱ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ነጥቧ በደቂቃ 58 ጊዜ ትመታለች። እንደ ሰው ልብ። እኔ ይሄን መጀመሪያ ያየሁት እናቴ ቤት ኮሪደር ውስጥ ቆሜ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «ኃይል» እና «ኢነርጂ» ተምታተውብኝ አያውቁም። የምቷ ፍጥነት ኃይል ነው። የተጠራቀመው ምት ኢነርጂ ነው።

አሁን አስሉት። ሁለት ሰዓት ብትጋግሩ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 56። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ነው የሚያበቃው። እንግዲህ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሳይቆጠር ምጣዱ ብቻውን እርከኑን ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተጀመረው የታሪፍ ማስተካከያ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ የታቀደ ነው። ቤተሰብ ወደ ከሰል ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው የፖሊሲ ክርክር ያለው እዚህ ስሌት ውስጥ ነው። እናንተም ገባችሁበት ማለት ነው።

ሥራዬ ላይም ይሄው ምጣድ ይመጣል። አንድ ሚኒ ግሪድ 100 ቤት ይዟል እንበል። ቅዳሜ ጠዋት 40ዎቹ አንድ ላይ ቢጥዱ 140 ኪሎዋት ተፈለገ። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ይሄን አይችልም። እናቶች በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚጋግሩ የሚያውቀው ማን ነው? ቤት ለቤት ዞሮ የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ሰው ሶሺዮሎጂ ያጠና ሊሆን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልትሆንም ትችላለች።

ሙያችሁ ኃይልን የሚነካበትን ቦታ ፈልጉ

ሕግ ያጠናችሁ የውሉን ዓለም እዩ። ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ ስለ ሕዳሴ ግድብ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም የፈረሙት የመርሆች መግለጫ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ፣ ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል ውል፤ ይሄ ሁሉ የሕግ ሰዎች እጅ አለበት። ኃይሉን ወደ ኬንያ የሚወስደው የሶዶ ሱስዋ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሽቦው እኩል አንቀጾቹም መስመሩን ተሸክመውታል።

መካኒኮች፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ካቆመ በኋላ ቻርጅ ማድረጊያና ባትሪ የእናንተ ጉዳይ ሆኗል። የፊዚክስና የሒሳብ መምህራን፣ እናንተ የሚጎድላችሁ የወጪና የዋጋ ስሌት ልምድ ብቻ ነው። ቆጣሪ አንባቢ የነበራችሁ፣ እባካችሁ ይሄን አትደብቁ። ደንበኛው ለምን እንደማይከፍል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል። ኢነርጂ ማለት መብራት ብቻ አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ቤት ዛሬም የሚያበስለው በማገዶ፣ በከሰልና በኩበት ነው። ጭስ የሚያስነጥሰው ሕፃን፣ እንጨት ለቀማ ከትምህርት የምትቀር ልጅ፣ የኢነርጂ ፖሊሲ ናቸው። ነርሶችና የጤና መኮንኖች ይሄ ዘርፍ የኛ አይደለም ሲሉ ስሰማ በጣም ያሳዝነኛል። የተሻሻለ ምድጃ ፕሮጀክት ሲመዘን የሳንባ ነገር የሚገባው ሰው ያስፈልጋል።

ደብተሩ

ዱቄት ፋብሪካው ትልቅ ጄኔሬተር ነበረው። የናፍጣ ደረሰኝ እኔ ጋ ይመጣል። የመብራት ቢልም እኔ ጋ ይመጣል። በተለያየ ፋይል ነበር የሚቀመጡት። አንድ ቀን ጎን ለጎን አደረግኳቸውና ደነገጥኩ። ጥሩ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው የሚሰጠው። ዋጋውን ከቢሉ ጋር ሳስተያየው የሰማይና የምድር ያህል ተራራቁብኝ።

ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁ። አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ መብራት የሄደበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ የነደደ ናፍጣ፣ የተፈጨ ኩንታል። ሌሊት የሚሄደውን እኔ ስለማላየው የጥበቃውን ጋሼ ለመንኩ። እሳቸው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ በእርሳስ ይጽፉልኛል፤ ጠዋት እኔ በቢክ እደግመዋለሁ። ስምንት ወር ቀጠልን። ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ሲያዩ የወፍጮውን ፈረቃ መብራት በብዛት ወደሚኖርበት ሰዓት አዞሩት። የናፍጣው ወጪ ቀነሰ።

ከዓመታት በኋላ አንድ የሚኒ ግሪድ ፕሮጀክት ኢንተርቪው ላይ ተቀመጥኩ። ከጠያቂዎቹ አንዱ «ይሄ እኮ የመሐንዲስ ቦታ ነው» አሉኝ። ፊቴ ጋለ። ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከጎናቸው የነበሩት ሴትዮ ሦስተኛውን ዓምድ በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ገጽ አነበቡ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ስለ ዲግሪዬ አልነበረም። ስለ ደብተሩ ነበር። የስድስት ወር ኮንትራት ሰጡኝ።

ሲቪውን እንዲህ ጻፉት

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። ሲቪው ላይ የጻፈው ይሄን ነበር፦ «ሂሳብ መዝግቤያለሁ፣ ደረሰኝ አዘጋጅቻለሁ፣ በቡድን የመሥራት ጥሩ ችሎታ አለኝ።» ይሄን ማንም ይጽፈዋል። እሱንም ከሺህ ሰው አይለየውም።

«ሱቃችሁ ምን ይሸጣል?» አልኩት። ኬብል፣ ብሬከር፣ ቧንቧ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሶላር ውሃ ፓምፕ አለ። እዚያ ላይ ያዝኩት። ስንት ሸጣችሁ? በጥሬ ነው በዱቤ? የዘገየው ማን ነው? ለምን? አያውቀውም። መዝገቡ ግን በእጁ ነው። ሂድና ቁጠር አልኩት።

በሳምንቱ ይሄን ይዞ መጣ፦ «በሁለት ዓመት በዱቤ የተሸጡ 64 የሶላር ውሃ ፓምፖችን የክፍያ መዝገብ ይዣለሁ። 51ዱ በጊዜው ተከፍለዋል። ከዘገዩት 13 ውስጥ 10ሩ ክፍያቸው ከመኸር በፊት እንዲደርስ ውል የገቡ ናቸው።»

ሳነበው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ሶላር በዱቤ የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ የሚያሳስበው አሰባሰብ ነው። ይሄ ልጅ ችግሩ ያለው ገበሬው ላይ ሳይሆን የክፍያው ቀን ላይ መሆኑን በቁጥር አሳየ። አንድም የቴክኒክ ቃል አልተጠቀመም።

እናንተም እያንዳንዱን መስመር እንዲህ አድርጉት። ምን ያህል፣ በስንት ጊዜ፣ ምን ታዘባችሁ። ስለ ራሳችሁ «ኤክስፐርት» አትበሉ፤ ቁጥሩ ይናገርላችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል። ቁጥር የሌላችሁ ከሆነ ደግሞ ከዛሬ ጀምራችሁ ሰብስቡ። የሠፈራችሁን ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ጸጉር ቤት ጠይቁ። በወር ስንት ይከፍላሉ? መብራት ሲሄድ ምን ይሆናሉ? የዓለም ባንክ ግሎባል ሶላር አትላስ በነጻ ይከፈታል፤ የትውልድ ቀዬያችሁን ፈልጉና የፀሐዩን መጠን እዩ። ሁለቱን አገናኝታችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ብዙ ብር ተከፍሎበት በሦስት ቀን የሚያልቅ ሰርተፍኬት ከዚህ ገጽ አይበልጥም። ገንዘቡ ካላችሁ የመንገድ ወጪ አድርጉትና አንድ ሚኒ ግሪድ ሄዳችሁ እዩ፤ ኦፕሬተሩን የባትሪው ቤት በር ላይ ተቀምጣችሁ አናግሩት።

ልጁ ለኢንተርቪው ተጠርቷል፤ የሚመጣው ሐሙስ ነው። ትናንት ማታ በር አንኳክቶ ምን ይዤ ልሂድ አለኝ። አሠሪህን አስፈቅድ፣ ከመዝገቡ ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርግ፣ የደንበኞቹን ስም ግን በወረቀት ሸፍነህ አንሳው አልኩት።